ኳሱን በክብር ስለቀበሩልን

ይድረስ ለክቡር ዶክተር አምብሮዝ ዌዘርቢ
የአልመንድራ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት
አልመንድራ፣ ካሊፎርኒያ

መስከረም 1906 እ.ኤ.አ.

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ፣ ለእርስዎና ለተከበረው ቤተሰብዎ ጤናን፣ ዘንድሮ ለተዘራው የሜዳ ሣርም ልምላሜን እመኛለሁ። እኔ ከከተማው ወዲህ ማዶ ኮክ የማለማ ኤልበርት ሃስኪንስ የምባል ሰው ነኝ። ልጄ ሮስኮ ባለፈው ኅዳር በዩኒቨርሲቲዎ ሜዳ ላይ፣ የዩኒቨርሲቲዎን ማልያ ለብሶ ፉትቦል ሲጫወት ተጎድቶ ሞቶብኛል። ይህን የማነሣው የሥራዎ ብዛት ጉዳዩን እንዳስረሳዎ ሰሞኑን በገዛ ጆሮዬ ስለሰማሁ ነው። በጋዜጣ መጻፌንም እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ፤ ቢሮዎ በር ላይ ቆሜ ብዙ ጊዜ ስለተመለስኩ፣ ጋዜጣ ግን ቁርስ ጠረጴዛዎ ድረስ ይገባል ስለሚባል ነው።

አንደኛ። ፉትቦልን አስወግደው በምትኩ ራግቢን ስላስገቡልን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ሩቅ ሆኖ ይህን የሚያነብ ሰው ፉትቦል ሲባል በእግር የሚመታውን ኳስ ያስብ ይሆናል፤ የእኛው ግን ኳሱን በብብቱ ይዞ የሚሮጥን ልጅ ሌሎቹ ተረባርበው የሚጥሉበትና በላዩ የሚከመሩበት ጨዋታ ነው። ራግቢ ደግሞ፣ በእኔ ገበሬ አእምሮ እንደተረዳሁት፣ ኳሱን በብብቱ ይዞ የሚሮጥን ልጅ ሌሎቹ ተረባርበው የሚጥሉበት ሆኖ፣ ከእንግሊዝ የመጣና ሲያበቃ መጨባበጥ ያለበት ጨዋታ ነው። ልምምዱንም በአጥሩ በኩል አይቻለሁ። ልጆቹ በድሮው ልማዳቸው አንዱ በወደቀ ቁጥር ቀጥ ብለው ፊሽካ ይጠብቃሉ፤ ደንቡን ከመጽሐፍ ያጠኑት የላቲን መምህር ደግሞ «አትቁሙ እንጂ! ሰው ስለወደቀ ጨዋታ አይቆምም!» እያሉ ከኋላቸው ይሯሯጣሉ። እኚህ መምህር ሊደክሙ ባልተገባቸው ነበር፤ ሰው ቢወድቅም ጨዋታ እንደማይቆም ዩኒቨርሲቲዎ ከራግቢ በፊትም አስተምሮናል።

ሁለተኛ። ሮስኮ የተጎዳው ትልቁ ግጥሚያ ሊደረግ ሳምንት ሲቀረው፣ በልምምድ ላይ ነው። ከክምሩ ሥር ሲያወጡት «ደህና ነኝ፣ ትንሽ አዞረኝ እንጂ» ማለቱን፣ አሠልጣኙም «በል እንግዲያ፣ እናትህ ጉያ ውስጥ ነው እንዴ ያለኸው? ተነሥ!» ማለታቸውን ጓደኞቹ ነግረውኛል። ተነሣ፤ ተጫወተ። ማታ ቤት መጥቶ ራት አልበላም አለ፣ ረቡዕ ዕለት ሞተ። የዩኒቨርሲቲዎ ሐኪም የአንጎል ትኩሳት ነው ብለው ጻፉ። ትኩሳቱን ምን እንዳመጣው አልጠየቅኩም፤ ያኔ ጨዋ ሰው ነበርኩ።

ቀብሩ ቅዳሜ ሆነና ከግጥሚያው ጋር ተጋጨ። ግጥሚያውን ማስተላለፍ የተማሪውን መንፈስ ይሰብራል ተብሎ ስለተወሰነ፣ በአንድ ጸሐፊ እጅ የአበባ ጉንጉን ልከውልናል። ስለ አበባው አመሰግናለሁ፤ ውድ አበባ ነበር። የመቃብሩ ቦታ ከሜዳው ብዙም አይርቅምና ሳጥኑ ሲወርድ የሕዝቡ ጩኸት ደረሰን፤ ነጥብ አግብታችሁ ኖሯል። ፓስተሩ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ፣ አሁንም ከፍ አደረጉ፣ በመጨረሻ ግን መጽሐፋቸውን እንደያዙ ዝም ብለው ጩኸቱ እስኪበርድ ጠበቁ። እኔ በሕይወቴ እንደዚያች ሰዓት ብቻዬን ሆኜ አላውቅም።

ባለቤቴ ሎቲ ግን አልተቀየመቻችሁም። «ጨዋታ ላይ ናቸው፤ ሲጨርሱ ይመጣሉ» አለችኝ። ስትጨርሱ ድል አድርጋችሁ ነበርና እሳት አንድዳችሁ ስትጨፍሩ አደራችሁ። በማግስቱ ኬክ ጋግራ፣ ከጎረቤት ወንበር ተውሳ ጠበቀች። ከዚያም «ፈተና ላይ ናቸው» አለች፣ ከዚያም «ትምህርት ሲከፈት ይመጣሉ» አለች። እንደማትመጡ እኔ ገብቶኝ ነበር፤ ለእርሷ ለመናገር ግን አፌ እሺ አላለኝም።

ሦስተኛ። ተማሪዎችዎ በየዓመቱ የጠሉትን የመማሪያ መጽሐፍ በሳጥን አድርገው፣ በሙዚቃ ጓድ ታጅበው፣ እያለቀሱ የመቅበር ልማድ አላቸው። ጥቂቶቹ የሴት ጥቁር ቀሚስ ለብሰው፣ ፊታቸውን በጥቁር ሻሽ ጋርደው የሟች እናት ይሆናሉ። ሁልጊዜ በሚያዝያ ገደማ፣ ከመሸ በኋላ ስለሚደረግ ከተማው ሁሉ ያውቀዋል፤ እኛም በረንዳችን ላይ ሆነን ስንት ዓመት ስቀንበታል። ዘንድሮ ግን በመስከረም፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ፉትቦልን ቀበራችሁት።

ሐሙስ ዕለት የሐዘኑ ሙዚቃ በቤታችን በኩል ሲያልፍ እኔ ኮክ ማድረቂያው ጋ ነበርኩ፤ ሎቲ ብቻዋን ነበረች። በመስኮት ብታይ ጥቁር የለበሱ ፈረሶች፣ ሳጥን፣ ቆባቸውን ያወለቁ ልጆች፣ ከፊት ደግሞ ክቡርነትዎ በሙሉ የክብር ልብስዎ። ጎረቤታችን ወይዘሮ ፒንክኒ እያለከለኩ መጥተው «አቶ ሃስኪንስ፣ ኧረ ይድረሱ! ሎቲ ተከትላቸው ሄደች! ‹ለሮስኮ መጡለት› ብላኝ፣ ጥቁሯን ለብሳ ሄደች!» አሉኝ። የሥራ ልብሴን ሳልቀይር ሮጥኩ።

ስደርስ ሎቲ ከሐሰተኞቹ እናቶች መካከል ቆማ፣ ፊቷን እንደተሸፈነች ትንሰቀሰቃለች። አጠገቤ የነበረ አንድ ተማሪ «ያቺን እናት እዩልኝ! ማነው ልጁ? ለቲያትር የተፈጠረ ነው እኮ!» ይላል። ሌላው «እማማ፣ ጮክ በይ እንጂ! ከኋላ አይሰማም!» ብሎ ጮኸባት። ጭብጨባውም ቀለጠ። ልጆቹን አልቀየማቸውም፤ የሮስኮ እኩዮች ናቸው፣ እርሱም በሕይወት ቢኖር አብሯቸው ይጮህ ነበር።

ከዚያ ክቡርነትዎ ንግግር አደረጉ። «ፉትቦል ሆይ፣ ልጆቻችንን ወንድ አድርገህልናል፤ በሌላው ሜዳ ብዙ እናት አስለቅሰሃል፤ ከእኛ ሜዳ ግን፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አንድም ልጅ ሳትወስድብን በሰላም ሸኘንህ» ሲሉ ድምፅዎ ተቆራረጠ፣ መሐረብዎንም አወጡ። ሎቲ እጇን ብትዘረጋ ትነካዎ ነበር። ሳጥኑ ለስንብት ሲከፈት ጎንበስ ብላ አየች። ቀና ስትል አገኘችኝና «ኤልበርት፣ ኳስ ነው እኮ» አለችኝ፣ እኔ ያላየሁት ይመስል። ክንዷን ይዤ ወደ ቤት ወሰድኳት።

ከዚያች ቀን ወዲህ «ይመጣሉ» የሚል ቃል ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። ያን ሁሉ ወራት ይህን ማለቷን በተወችልኝ ብዬ ስመኝ ኖሬ፣ ስትተወው ግን ቤቱ ውስጥ መቀመጥ አቃተኝ።

አራተኛ ብዬ ስለ ሐኪሙ ወረቀት ልጽፍ ነበር፤ ይቅር። የምለምንዎ አንድ ነገር ነው። በሚመጣው ቅዳሜ የመጀመሪያው የራግቢ ግጥሚያ ይደረጋል፤ ከመጀመሩ በፊትም ክቡርነትዎ ንግግር ያደርጋሉ ተብሏል። የሚሉት እንዳያጡ ጽፌልዎታለሁ፤ «ሮስኮ ሃስኪንስ በዚህ ሜዳ ላይ፣ ለእኛ ሲጫወት ሞተ።» መሐረብም አያስፈልገውም፣ ድምፅ መቆራረጥም አያስፈልገውም። ለአንድ የቆዳ ኳስ ያን ያህል ከተናገሩ፣ ለአንድ ልጅ ይህችን ማለት አይከብድዎትም ብዬ አምናለሁ። ሎቲን ይዣት እመጣለሁ። አልመጣም ብትለኝም ለምኜ አመጣታለሁ።

በሥራዎ ላይ ሥራ የጨመርኩብዎን ይቅርታ እየጠየቅኩ፣ የራግቢ ቡድንዎ ልጆች በሙሉ ጨዋታው ሲያበቃ በእግራቸው ወደየእናታቸው እንዲመለሱ እየጸለይኩ፣ ለከፍተኛ ማዕረግዎ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

ኤልበርት ሃስኪንስ
የሮስኮ አባት

ድኅረ ጽሑፍ፦ የተማሪዎችዎ ጋዜጣ በሐሙሱ ቀብር ላይ ከሁሉ አብልጣ ላለቀሰችው «እናት» የብር ዋንጫ መመደቡን፣ አሸናፊው ተማሪ ግን ማንነቱ ስላልታወቀ ቀርቦ እንዲወስድ አስታውቋል። በከንቱ እንዳትፈልጉት፤ ባለቤቴ ናት። ዋንጫው ላይ ስም መቅረጽ ልማዳችሁ ከሆነ ግን የእርሷን ትታችሁ የልጇን ቅረጹበትና እዚያው ዩኒቨርሲቲው ውስጥ አስቀምጡት፤ ስሙ የተጻፈበት አንድም ነገር የላችሁም።