አማቱን የተሳደበው ታብሌት

ለምወድሽና ለምትናፍቂኝ እናቴ፣

ከሰላምታዬ በፊት ኑዛዜ ይቅደም። ባለፈው በስልክ በላክሽው መልእክት ላይ "ለአውዎር ጫማ ይገዛላት፤ ብርቱ ልጅ ናት" የሚለውን የጨመርኩት እኔው ኃጢአተኛዋ ነኝ። አያቴ ማንበብ ስለማትችል የማነብላት እኔ ነኝ፤ ሳነብላት ደግሞ ምላሴ ትንሽ ይረዝማል። ጫማው ልክ ሆኖልኛል፤ እግዜር ይስጥልኝ።

አሁን ሰላምታው። እንደምን ከርመሻል? የሞምባሳ ሙቀት እንዴት ይዞሻል? የሆቴሉ ምድጃ ያቃጠለሽ ክንድሽ ሻረልሽ? ወገብሽስ? እኛ ከአያቴ ኩርፊያ በስተቀር ሁላችንም ደህና ነን። ሐይቁም ደህና ነው፤ ኦሜና የሚባለው ትንሹ ዓሣም ዘንድሮ ሞልቷል። ይህን በስልክ ያልነገርኩሽ፣ አያቴ ስልኩን ድምፁን ከፍ ሳታደርግ ስለማታናግርና መንደሩ በሙሉ አብሮ ስለሚሰማ ነው። ወረቀቱን የአውቶቡሱ ረዳት ያደርስልሻል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለትምህርት ቤታችን ታብሌቶች መጡ። ርዕሰ መምህሩ መጀመሪያ እንዳይሰረቁ ብለው ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፉባቸው፤ ቀጥሎ አቧራ እንዳይበላቸው ብለው በየጠዋቱ በጨርቅ ይወለውሏቸው ጀመር። እኛ ተማሪዎቹ በመስኮት እያየን ተማርን። በኋላ የአክስቴ የአኬዮ ባል፣ መምህር ኦጎላ፣ "ዕቃው ሙሽራ አይደለም፤ ይውጣ እንጂ!" ብሎ ተሟግቶ አስወጣቸው። ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ ለአዋቂዎች የንባብ ትምህርት እንዲውሉ አደረገ። ከሁሉ ቀድማ የተመዘገበችው አያቴ ናት። ለምን ብላት፣ "የልጄን መልእክት ያለ ቅመም መስማት አማረኝ" ብላ ዓይን ዓይኔን አየችኝ።

መቼም ታውቂዋለሽ፤ እንደ ወጋችን መምህር ኦጎላ አማቱ ፊት፣ ያው አያቴ ፊት፣ ማስነጠስ እንኳን አይደፍርም። እሷ በመንገድ ስትመጣ እሱ ቁጥቋጦ ውስጥ ይገባል። ታዲያ እንዴት አድርጎ "ተሳስተዋል" ይበላት? መላ ዘየደ፤ ታብሌቱ በእሱ ፈንታ ያርማት! ማሽኑ ቋንቋችንን ሉኦኛን ስለማይችል ትምህርቱን በራሱ ድምፅ ቀዳ፤ የመቅጃውን ቁልፍ የምነካለት እኔ ነበርኩ። ፊደሉን ያወቀ ሰው የአክስቴ እልልታ ይቀበለዋል። የሳተ ደግሞ "እባክዎ እንደገና ይሞክሩ" ይባላል። ይባል ነበር። እኔ ግን ይሄ ሁሉ ልስላሴ ሰለቸኝና፣ ኦጎላ አንዷን የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ሲቆጣ በድብቅ የቀዳሁትን ተካሁበት። የክፍል ጓደኞቼን ላስቅ ብዬ ነው። ያው ታብሌት ቅዳሜ አያቴ እጅ ይገባል ብዬ አላሰብኩም።

ገባ። አያቴ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ አማቿ ከመስኮቱ ውጭ ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል። አንድ ፊደል ስትስት ታብሌቱ በኦጎላ ድምፅ "አንቺ! ጭንቅላትሽን ለፍየል አበድረሽ ነው የመጣሽው?" ብሎ አንባረቀ። ጎረቤታችን ፔሬስ "ኧረ ጉድ! አማቱን?" አለች። አያቴ ሻሿን ጠበቅ አድርጋ አስራ፣ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ወጣች። በመስኮቱ ባይ መምህር ኦጎላ የለም፤ የበቆሎው ማሳ ብቻ ይወዛወዛል።

ሽማግሌዎች ተቀመጡ። አዛውንቱ ኦዊቲ፣ ጥርስ ቢያልቅባቸውም ቃል አላለቀባቸውም፣ "ድምፁ የማን ነው? የእሱ። እንግዲያው የሰደባት እሱ ነው፤ ፍየል ይዞ ይምጣ" አሉ። አንድ ዓሣ አጥማጅ "እንዲህማ ከሆነ በሬዲዮ የሚያወራው ሰውዬ ሚስትዎ ጓዳ ገብቷል ማለት ነዋ!" ቢላቸው፣ "እኔ ድሮም ጠርጥሬ ነበር!" ብለው አረፉት። ይሄ ሕግ ነው ቀልድ? እኔ እንጃ።

መምህር ኦጎላ ሲጠየቅ "ድምፁ የእኔ ነው፤ ጥፋቱም የእኔ ነው" አለ። እማዬ፣ ቁልፉን የምነካው እኔ ብቻ እንደሆንኩ እኮ ያውቃል! ለምን አላጋለጠኝም? ቢቆጣኝ ይገባኝ ነበር፤ ዝም ሲለኝ ግን መግቢያ አጣሁ። አክስቴ በእናቷና በባሏ መሃል ተሰንጥቃ፣ ትናንት ደጃፋችን ድረስ መጥታ ሳትገባ አልቅሳ ተመለሰች። አያቴም "ያን ክፍል ዳግመኛ አልረግጥም" ብላ ምላለች። ስምሽን እኮ ለይታ ማንበብ ጀምራ ነበር።

ለእኔማ ሠርግና ምላሽ መሆን ነበረበት። እሷ ካልተማረች አንባቢዋ እኔው ነኝ፤ ከጫማ አልፌ ቀሚስም ልጨምር እችላለሁ። ግን ትናንት መልእክትሽን ሳነብላት አንዲት ቃል መጨመር አቃተኝ። ምን ሆኜ ነው? ወባ ይሆን? ብናገር ሽማግሌዎቹ ምን እንደሚፈርዱብኝ አላውቅም፤ ፍየል የለኝ። ዝም ብል ደግሞ ኦጎላ ከነገ ወዲያ የሚነዳት ፍየል አክስቴ ወተት የምታልባት ያቺው አንዷ ናት። አያቴ የምትሰማው አንቺን ብቻ ነውና አንቺ ፍረጂ፤ ድምፅ ሰው ነው ወይስ ዕቃ? እኔስ ልናገር ወይስ ልዋጠው? ግራ ገብቶኛል።

አክስቴ አኬዮ እንባዋን ጠርጋ ሰላም ብላሻለች። ታናሽ እህቴ አቾላ፣ አንድ ጥርሷ ወልቆ፣ በፉጨት ሰላም ብላሻለች። መምህር ኦጎላ ከማሳው ውስጥ ሆኖ ሰላም ሳይልሽ አይቀርም። አያቴ ካኮረፈች ወዲህ ሰላምታ አትልክም፤ እኔ ግን ስለ እሷ እልክልሻለሁ፤ ይሄኛው ጭማሪ እውነት ነው። አብረውሽ ላሉት የማድቤት ሴቶች ሁሉ ሰላም በይልኝ።

ልጅሽ አውዎር
ምቢታ፣ ኬንያ፣ ሐሙስ ጁን 13 ቀን 2019 እ.ኤ.አ.

ቆይ እማዬ፣ ገና አላሸግኩትም። ከጓዳ "ጭንቅላትሽን ለፍየል አበድረሽ" የሚል ሰማሁ። ርዕሰ መምህሩ ጠፋ ብለው ያበዱለትን ታብሌት ለካ አያቴ በቀሚሷ ሥር ይዛው ወጥታ ኖሯል! ደግሞም ለስድቡ መልስ ትሰጠዋለች፤ "ፍየሏ ካንተ ይልቅ ታውቅበታለች፣ አንተ ባዶ ራስ!" ትለዋለች። ሆን ብላ ትስታለች፤ ይሰድባታል፤ ትሰድበዋለች። ዕድሜ ልኳን ለአማች መናገር የተከለከለችውን ሁሉ እያወረደችበት ነው። አሁን እልልታ። ሌላ እልልታ። አሁን ደግሞ ያንኑ ስድብ መልሳ አስጮኸችው። እንደገና አስጮኸችው፣ በጣም ከፍ አድርጋ።

"ከኋላ የምትንከተከተው ማናት?" አለች።

እማዬ፣ ስቀዳ ስቄ ነበር እንዴ?

"አውዎር! አንቺ አውዎር!"