የቄስ ፊንች መርዶ

ሰኞ፣ የካቲት 10

ታላቅ ኀዘን! ሰማይ ተደፋ፣ ኦክላንድ ጠቆረች። እንግሊዛዊው ቄስ ኤድዊን ፊንች ዐረፉ... ከመቶ ሠላሳ ዓመት በፊት።

የእንግሊዝኛ ቲቸራችን ናት ጉዱን ያመጣችው። እያንዳንዳችን ክላስ ፊት ቆመን የአንድ ሰው ሕይወት እናወራለን። ለአንዱ ሯጭ ደረሰው፣ ለሌላዋ ዘፋኝ። ለኔ? ክሪኬት የሚሉትን የእንግሊዞች የዱላ ኳስ የሚጫወት ቄስ! ታዲያ ለምን ብቻዬን ልዘን?

በማለዳ ጓደኛችንን ኩምሳን ጥቁር ጃኬት አስለብሼ አብሮኝ የሚኖረውን የሀብቱን በር አንኳኳሁ።

«ቁጭ በል፣ ወንድሜ።»

ፊቱ አመድ መሰለ። «እማዬ ናት?»

«አይ... ቄስ ፊንች።»

ማን እንደሆኑ ስነግረው ጫማውን ወረወረብኝ። «አንተ ባለጌ! በመርዶ ይቀለዳል?» ኩምሳና እኔ በሳቅ ሞትን። እሱ ግን ወዲያው ደብረ ብርሃን ደወለ። እናቱ እዚያ ታመው አልጋ ላይ ናቸው።

ዓርብ፣ የካቲት 14

ስለ ቄሱ ሪሰርች አደረግኩ። ለትልቅ ጨዋታ የተሰለፉት አንዴ ብቻ። ስንት አስቆጠሩ? ዜሮ! ከዚያ አርባ ዓመት በአንዲት መንደር ሰው ሲቀብሩ ኖሩ። ሀብቱ ባየኝ ቁጥር «ቄስህ ተሻላቸው?» ይላል።

ቅዳሜ፣ የካቲት 22

የሀብቱ እህት ብርነሽ ኮል አደረገችልኝ።

«ናዖድዬ... እማዬ አረፈች። በስልክ እንዳይሰማ። ሰው ይዘህ፣ ጠዋት ሥራ ሳይወጣ ንገረው።»

ለምን እኔ? ሌላ ሰው ጠፋ?

ሀብቱ ቀኑን ሙሉ ሲቀልድብኝ ዋለ። ሳቅኩለት። እንዴት አድርጌ ሳቅኩ...

እሑድ፣ የካቲት 23

ያው ኩምሳ። ያው ጃኬት፣ ሌላ ጥቁር የለውም። ያው በር።

«ቁጭ በል፣ ወንድሜ።»

ሀብቱ ሳቀ። «ዛሬ ደግሞ የትኛው ቄስ ነው የሞተው?»

ጫማውን አነሳ፣ ሊወረውርብኝ... ኩምሳ አለቀሰ።

ጫማው እጁ ላይ ቀረ።

እሑድ፣ የካቲት 30

ከሳን ሆዜ የመጡት ለቀስተኞች ሄዱ። ቤቱ ጭር አለ። ሀብቱ ፍራሹ ላይ እንደተቀመጠ፣ ድንገት፦

«ያ ቄስህ... እናቱ ስትሞት ማን አረዳው?»

«አልተጻፈም።»

«እንዳንተ ያለ ጓደኛ ነበረው?»

«እንጃ።»

ጫማውን አምጥቼ አጠገቡ አስቀመጥኩለት። አየው። አልወረወረም።

ነገ ክላስ ተራዬ ነው። ምን እላለሁ? ቄስ ፊንች አንድ ቀን ተጫወቱ፣ ዜሮ አስቆጠሩ። በቃ። ያን ሁሉ ኀዘን ያወጅኩለት ነገር... ኢምንት ነበር።