በነስሩ መስኮት ስለገባው መብራት እና ዘር ስለያዘችው ዕፀ ፋርስ

ለተከበሩ አቶ ሶፎንያስ
የመኖሪያ ግቢያችን የቤት ባለቤቶች ማኅበር ሊቀመንበር
ላስ ቬጋስ

ጤናዎ በቬጋስ ፀሐይ እንደማይጠወልገው የግቢያችን ሰው ሠራሽ ሣር ዘወትር ለምለም ይሁን፤ ቤተሰብዎ ሰላም፣ እንቅልፍዎም ያልተቋረጠ ይሁን። እኔ በዳውንታውን ሆቴል አልጋ የማነጥፈው ቀመሪያ ነኝ። ባለቤቴ ነስሩ የጨጓራ ካንሰር አልጋ ላይ እስኪጥለው ድረስ በአየር ማረፊያው ታክሲ ይነዳ የነበረው፣ ባለፈው የካቲት የቀበርነው ሰው ነው። ለማኅበሩ ያለብኝን ምስጋና ጎረቤቶቼም እንዲሰሙት በማለት ይህንን በግልጽ እጽፍልዎታለሁ።

አንደኛው ምስጋናዬ ስለ መጋረጃው ነው። ሕክምናው ነስሩን ምግብ ስላስጠላው፣ በሐኪሙ ምክርና በሕጉ ፈቃድ በመኝታ ክፍሉ ጥግ ዕፀ ፋርስ፣ ማለትም ካናቢስ፣ እናሳድግ ነበር። መጀመሪያ “ቀመሪያ፣ የወሎ ሰው ቢሰማ ምን ይለኛል?” እያለ ያፍር ነበር። የመጀመሪያዋን ተክል አበባ በቅቤ አንጥሬ በማንኪያ ስሰጠው ግን፣ ሽታው እንኳ ያስመልሰው የነበረውን ሾርባ ጠጥቶ “ጨምሪልኝ” አለኝ። “ጨምሪልኝ” የሚለውን ቃል ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ ነበር! ከዚያ ወዲህ ሁለተኛዋን ተክል ራሱ ያዘ፤ ውሃ ማጠጣቱ፣ ቅጠሏን በእርጥብ ጨርቅ መጥረጉ ከአልጋ የሚያስነሳው ብቸኛ ሥራው ሆነ። ታዲያ ከግቢው የሚታይ መስኮት ሁሉ ነጭ መጋረጃ ብቻ ይኑረው የሚለውን ደንብ አስታውሰው፣ ሰው እንዳያየን የሰቀልነውን ወፍራም ጥቁር ጨርቅ እንድናወርድ አዘዙን። ነስሩ “ደንብ ደንብ ነው” ብሎ በዚያው ቀን አስወረደኝ። የግቢያችንን ውበት ስለጠበቁልን እናመሰግናለን።

ሁለተኛው ምስጋናዬ በመዋኛው ዳር ስላስተከሉት ትልቅ መብራት ነው። ጨርቁ ከወረደ በኋላ ያ መብራት በስሱ ነጭ መጋረጃ አልፎ ክፍሉን እንደ ቀን ያደርገው ጀመር። ነስሩ ዓይኑን በፎጣ ሸፍኖ ይገላበጣል። እኛ ጅሎቹ “ለተክሏ እንኳ ጥሩ ነው፤ ተክል ብርሃን ይወዳል” እያልን እንጽናና ነበር።

ሦስተኛው ስለ መልስዎ ነው። ነስሩ ክንዴን ተደግፎ ወደ ስብሰባው መጥቶ፣ “አቶ ሶፎንያስ፣ አጥፉት አላልኩም፤ ትንሽ ብቻ ወደ መዋኛው ቢዞር። እንቅልፍ አጣሁ” ሲልዎት፣ በዚያ በለሰለሰው አንደበትዎ፣ “ይኼ የሁላችንም ሴኪውሪቲ ነው፣ አቶ ነስሩ። ለአንድ ቤት ኤክሴፕሽን ማድረግ አንችልም። ግን ኖት አድርጌዋለሁ” አሉት። ኖት ስላደረጉልን እግዜር ይስጥልን። ነስሩ ወደ ቤት ስንመለስ “ጨዋ ሰው ነው” ብሎ አመስግኖዎታል።

ከዚህ በኋላ ያለውን በቁጥር ልከፍለው ሞክሬ አልሆነልኝም፤ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

አንድ ቀን ከሺፍት ስገባ ነስሩ ከክፍሉ ጠራኝ። ድምፁ ከታመመ ወዲህ ሰምቼው የማላውቀው ድምፅ ነበር። “ቀመሪያ፣ ነይ እይ! አፈራች!” የማሽላ ገበሬ ልጅ አይደል? ዘር ሲያይ ፊቱ በራ። በመዳፉ ላይ ያሉትን ፍሬዎች እያንከባለለ ሳቀ፤ እኔም ምንም ሳይገባኝ አብሬው ሳቅሁ።

የድሮ የታክሲ ባልደረባው ኤዛና ዛሬ ፈቃድ ባለው የካናቢስ እርሻ ነው የሚሠራው። ሊጠይቀው መጥቶ ዘሩን ሲያሳየው ግን ኤዛና አልሳቀም። “ጋሼ ነስሩ፣ ይቺ ሴት ተክል ናት። የወንዴ ብናኝ ካልደረሰባት ጉልበቷን ሁሉ ለአበባዋ ትሰጣለች፤ መድኃኒቱ ያለው እዚያ ነው። ዘር ከያዘች ጉልበቷ ወደ ዘሩ ይሄዳል። አጠገቧ ወንዴ ነበር?” አልነበረም። “እንግዲያው አንድ ነገር አስጨንቋታል” አለ፤ ምን እንደሆነ ግን በቀን ብርሃን የመጣ ሰው ሊያውቅ አልቻለም።

ነስሩ ጥፋቱን ወዲያው ለራሱ ወሰደው። “እኔ ነኝ። ውሃ አብዝቼባታለሁ። አንዲት ተክል አደራ ብትሰጪኝ አበላሸሁብሽ” አለኝ። አበባውን ለቅሜ ባነጥረውም እንደ መጀመሪያው አልሆነም፤ ሾርባውን መለሰው። ከሱቅ ልግዛልህ ብለው፣ “ተይው፣ ቀመሪያ” ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ከዚያ ወዲያ “ጨምሪልኝ” የሚል ቃል ከአፉ አልወጣም።

ዘሩ ገደለው አልልም፤ የገደለው ካንሰሩ ነው፣ ቀኑም ከአላህ ነው። ኤዛና ለለቅሶ መጥቶ ፍራሽ ሊያወጣልኝ ወደዚያ ክፍል ሲገባ መሸ፤ የመዋኛው መብራትም በራ። ኤዛና ፍራሹን እንደያዘ ቀጥ ብሎ ቆመ። “ይኼ መብራት ሁልጊዜ ነው የሚበራው?” አለ። አዎ አልኩት። “እትዬ ቀመሪያ፣ ይቺ ተክል አበባ ስትይዝ ያልተቋረጠ ጨለማ ትፈልጋለች። ጨለማዋን ከነሷት ትጨነቅና በራሷ ላይ ወንዴ አበባ አውጥታ ራሷን ታስረግዛለች። ጋሼ ነስሩ ምንም አላጠፋም።”

ምንም አላጠፋም! ይህንን የሰማሁት እኔ ነኝ እንጂ እሱ አይደለም። ባለቤቴ በገዛ እጁ እንዳበላሻት አምኖ፣ እኔንም ይቅርታ ጠይቆኝ ሄደ። እኔም የማላውቀውን ጥፋት “ይቅር ብዬሃለሁ” አልኩት። አቶ ሶፎንያስ፣ ከሁሉ የከበደኝ ያ ቃሌ ነው፤ “ምንም አላጠፋህም” ማለት ሲገባኝ ይቅር አልኩት።

እርስዎም ለቅሶ መጥተው፣ “ነስሩ ዝምተኛ ሰው ነበር፤ አንድ ቀን እንኳ አስቸግሮን አያውቅም” ብለው አጽናንተውኛል። ስለዚህም ምስክርነትዎ ከልብ አመሰግናለሁ።

ክብርዎን ከፍ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ ደንቡን ሁሉ እንዳከበርኩ እሰናበትዎታለሁ፤
የነስሩ ባለቤት
ቀመሪያ

ድኅረ ጽሑፍ፦ በመዋኛው ማዶ ያለውን የጎረቤታችንን ውሻ መብራቱ እንቅልፍ ነሳው ተብሎ ትናንት ሠራተኞች መጥተው መብራቱን ወደ ታች እንዳዞሩት አየሁ። ውሻም ነፍስ አለው፤ ይተኛ። ብቻ ማመልከቻውን እንዴት አድርጎ እንዳቀረበ ቢነግሩኝ፣ ለሌላ በሽተኛ ጎረቤት ይጠቅም ነበር።