ያሸነፈችኝ ልጅ አልነሳም አለች

እዝራዬ፣

ተሸነፍኩልህ፤ አትሳቅብኝ! ውድድሩ እዚህ ቦሌ፣ ሩዋንዳ ሰፈር ነው፤ የድብድብ ጌሙን የሚሰራው ኩባንያ ስፖንሰር ስላደረገው ስክሪኑ ግድግዳ ያክላል። አዳማ በአንዲት ቲቪ ስንጋፋ ትዝ አለኝ።

የረታችኝ ወይንሸት የምትባል የአራብሳ ልጅ ናት። የኩባንያው ሰው ሰዓቱን እያየ «ቀጣይ!» ቢል አልነሳም አለች። «ያሸነፈ ለተሸነፈው ሳያሳይ አይነሳም፤ የሰፈራችን ደንብ ነው» ብላ እኔን የጣለችበትን ምት ቀስ አድርጋ ደጋገመችልኝ። የእኛ ጌም ቤት ደንብ ብቻ ይመስለኝ ነበር! ሰውየው መጀመሪያ ተቆጣ፤ ኋላ ግን ጎንበስ ብሎ «እስቲ ለእኔም ድገሚው» አላት።

ስፖንሰር ጨዋታችንን ይገድለዋል ብለህ ፈርተህ ነበር። ይምጡ! ስክሪን ያምጡ፣ ደንቡን ከእኛ ይማሩ።

ፖስትካርዱ ሞላ፤ ዲናንና ሌሎቹን የጌም ቤቱን ልጆች ሳምልኝ። ምቱን አሳይሃለሁ፤ መጀመሪያ ግን እጥልሃለሁ።

ጉዲና