በመዘውሩ ላይ የተሰቀለው ቆብ፦ የአቶ ቬንደሊን ስኮፓል የሕይወት ታሪክ

አቶ ቬንደሊን ስኮፓል ከአባታቸው ከአቶ ሜቶዴይ ስኮፓል እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ፊሎሜና እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 12 ቀን 1946 በሞራቪያ፣ በሐዲዱ ዳር በምትገኘው በሆርካ መንደር ተወለዱ። አባታቸው የሐዲድ ጠባቂ ነበሩ። ባቡር ሲያልፍ የቤቱ ሳህን ሁሉ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ሕፃኑ ቬንደሊን ግን ባቡር ካላለፈ እንቅልፍ እምቢ ይላቸው ነበር ይባላል።

የሙያ ትምህርታቸውን በፕርዤሮቭ ተከታትለው በ1964 በእሳት አንዳጅነት ተቀጠሩ። የተመደቡትም ሠራተኞች «ሽቶከር» በሚሉት የእንፋሎት ባቡር ላይ ነበር። ሽቶከር በአካፋ አይጎርስም። በወለሉ ሥር የሚዞር ጠመዝማዛ ብረት ከኋላ ካለው የከሰል ጋሪ ከሰሉን እየገፋ ወደ ምድጃው ያደርስለታል። ባለ አካፋዎቹ «እናንተማ ተቀምጣችሁ ነው ደሞዝ የምትበሉት!» እያሉ ሲያሾፉባቸው፣ አቶ ቬንደሊን «የእናንተ ሥራ ወገብ ይፈልጋል፤ የእኔ ጆሮ ይፈልጋል» ይሏቸው ነበር። እውነትም ብረቱ ከሰል ሲያኝክና ድንጋይ ሲያኝክ በድምፁ ይለዩ ነበር።

ከሰሉ ውስጥ የገባ ግንድ ወይም ብረት ጠመዝማዛውን ሲቀረቅረው፣ እሳት አንዳጁ ጠመዝማዛውን የሚያዞረውን እንፋሎት በመዘውሩ ይዘጋና ቆቡን እዚያው መዘውር ላይ ሰቅሎ ወደ ከሰል ጋሪው ይገባል። ክዳኑን ከፍቶ እጁን ይሰዳል። ቆቡ እስከተሰቀለ ድረስ መዘውሩን ማንም አይነካም፤ ሰው ውስጥ አለ ማለት ነው።

በ1970 ከወይዘሮ ድራሆስላቫ ጋር ትዳር መሥርተው ዝዲስላቫ እና ሉድሚላ የተባሉ ሁለት ሴት ልጆች አፍርተዋል። እንፋሎት ሲቀር ወደ ናፍጣ ባቡር ተዛወሩ፤ አልወደዱትም። በ2004 ጡረታ ሲወጡ፣ አንድ አሮጌ ሽቶከር ጠግኖ በበጋ ሰው የሚያንሸራሽር ማኅበር ውስጥ ገቡ። ከሰል የሚገፋውን ጠመዝማዛ የሚያውቅ ከእሳቸው በቀር አልነበረም። ሚስታቸው «እኔን ያገባኸኝ ያ ጠመዝማዛ ፈቅዶልህ ነው» ይሏቸው ነበር።

ሴፕቴምበር 19 ቀን 2009 ባቡሩ በተሳፋሪ ተሞልቶ ዳገት ላይ ሳለ ጠመዝማዛው ተቀረቀረ። አቶ ቬንደሊን ገቡ። እጃቸው ውስጥ ሳለ መዘውሩ ተከፈተ። ብረቱ ክንዳቸውን እስከ ክርናቸው ይዞ ቆመ፤ ወደ ኋላ ለመመለስም እምቢ አለ። ሰዎች ብሎኑን አንድ በአንድ እስኪፈቱ ድረስ አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ከሰሉ ላይ በሆዳቸው ተኝተው ቆዩ። ሦስት ጣታቸውን አጡ። ማኅበሩ ሲጠይቃቸው «ቆቤን ሳልሰቅል ገባሁ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉ።

ከዚያ በኋላ ባቡሩ ላይ እንዳይወጡ ተከለከሉ። በየበጋው ከአጥሩ ውጭ ቆመው ድምፁን ያዳምጡ ነበር። ቢራ ቤት ሲገቡ «ቬንዳ፣ ዛሬስ ቆብህን ይዘሃል?» ይሏቸዋል። አብረው ይስቁ ነበር።

አቶ ቬንደሊን ባደረባቸው የሳንባ ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ፌብሩዋሪ 8 ቀን 2024 በሰባ ሰባት ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውን እና ታናሽ ወንድማቸውን ጽቲቦርን ትተዋል።

ጽቲቦር እኔ ነኝ። እስካሁን «እሳቸው» እያልኩ መጣሁ፤ ከዚህ በላይ ግን አልችልም። ያን ቀን ባቡሩን የምነዳው እኔ ነበርኩ። የእንፋሎቱ ግፊት ይወርዳል፣ ተሳፋሪው ይጮኻል። ወንድሜ ሥራውን ጨርሶ፣ ቆቡን ረስቶ በወዲያኛው በኩል የወረደ መሰለኝ። ቆቡን ከመዘውሩ ላይ አንስቼ ጉልበቴ ላይ አስቀመጥኩና እንፋሎቱን ከፈትኩ። ጩኸቱን ስሰማ ቆቡን ኪሴ ውስጥ ከተትኩት።

ሆስፒታል አልጋው ላይ ሆኖ «አፍህን ዝጋ» አለኝ። «ለጡረታ ሰባት ዓመት ይቀርሃል፣ መንጃ ፈቃድህን ይነጥቁሃል። ጡረታ ስትወጣ ትናገራለህ።» በ2016 ጡረታ ወጣሁ። አልተናገርኩም። ፈራሁ፤ ከዚያም መፍራቴ ራሱ አሳፈረኝና ይበልጥ ዝም አልኩ። በየእሑዱ ቤቱ እየሄድኩ ሾርባውን እበላ ነበር። እሱ ማንኪያውን ያስቀምጥና በዚያች በደህናዋ እጁ ጠረጴዛውን እየዳበሰ ትንሽ ይጠብቀኛል። ከዚያ «ቀዘቀዘ እኮ፣ ብላ» ይለኛል። አንድም ቀን ጠይቆኝ አያውቅም።

ወንድሜ ቆቡን ሰቅሎ ነበር። ይህን አሁን የምትሰሙት እሱ መስማት ካቃተው በኋላ ነው፤ የእኔ ዕዳ ይህ ነው። የታሰረውን የሚፈታ አምላክ የወንድሜን ነፍስ ከደጋጎች መሐል ያሳርፍልን፤ ለድራሆስላቫና ለልጆቹም መጽናናትን ይስጥ።

አሥራ አራት ዓመት ቁም ሣጥኔ ውስጥ የደበቅኩትን ቆብ ዛሬ ጠዋት የሬሳ ሣጥኑ ላይ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። ሰው ውስጥ አለ። እባካችሁ፣ ማንም አያንሳው።