ስለ ደብራችን የምነግርህ አለኝ

ዓለሜ ደምሴ፣

እንደምን አለህ ብዬ አልጀምርም፤ ከእኔ የተሻለ ቦታ እንዳለህ አምናለሁ። ከተለየኸኝ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሳምንታት ቀርተውታል። ከፎቶህ ጋር ስሟገት የምትሰማኝ ልጃችን ስምረት፣ ከመሟገት መጻፍ ይሻልሻል ብላ ወረቀት አቀበለችኝ። ደግሞም የምነግርህ አለኝ። ብትሰማው ከት ብለህ የምትስቅበት ነገር ነው፤ ግን ከሥሩ ልጀምርልህ።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ። ስትታገለው የኖርከው የቤት ማሞቂያ ቦይለር በመጨረሻ ተቀየረ። አዲሱ ድምፅ የሚባል የለውም፤ እኔ ግን ጠዋት ጠዋት እሱን እየደበደብክ ስትረግመው መስማት ለምጄ ዝምታው አልተስማማኝም። ሰፈራችን ዌምብሊ ፎቅ በፎቅ ሆናለች። ስታዲየሙ ይታይበት የነበረውን የሳሎን መስኮት አዲስ ሕንፃ ጋርዶታል። ኳስ ያለ ቀን ጩኸቱ እንደ ድሮው ይመጣል፤ ከጩኸቱ ተነስቶ ማን እንዳገባ የሚነግረኝ ሰው ነው የጠፋው። ጤና አዳምህ ጣሳው ውስጥ ለምልሟል። ኮቶችህን ሰጠሁ። ጫማህን ግን እጄ እምቢ አለ፣ እዚያው በሩ ሥር ነው።

ጸሎትም እምቢ ብሎኛል ደምሴ። ይኼን ለማንም አልነገርኩም ነበር። ትዳራችንን ሙሉ አንተ "አቡነ ዘበሰማያት" ብለህ ትጀምራለህ፣ እኔ ከኋላ እከተልሃለሁ። አሁን የሚጀምርልኝ የለም። እሑድ እሑድ ነጠላዬን ለብሼ ከሴቶቹ ጋር እቆማለሁ፣ ከንፈሬም ይንቀሳቀሳል፤ ውስጤ ግን ጭር ያለ ነው። ቄሱን ባማክራቸው ታገሺ፣ ይመለሳል አሉኝ። ታገሥኩ፣ አልተመለሰም። ሙት ዓመትህ እየቀረበ ሲመጣ ፍርሃት ያዘኝ። ሰው ተሰብስቦ ለነፍስህ ሲጸልይ እኔ ሚስትህ እንደ ምሰሶ ተገትሬ ልውል ነው?

ስለዚህ ስምረትን ደብራችን ውሰጂኝ አልኳት።

ሌላ ሰው ይህን ቢያነብ ደብሩ የት ነው ይል ይሆናል። ከለንደን ወደ ደቡብ በባቡር የሚኬድባት የባሕር ዳር ከተማ ናት፤ በጋ ሲመጣ የለንደን ሰው አይስክሬሙን ሊልስ፣ ጠጠሩ ላይ ተንጋሎ ፀሐይ ሊሞቅ የሚጎርፍባት። መጀመሪያ የሄድነው ከማኅበርተኞቻችን ጋር በኪራይ አውቶቡስ ነበር፣ ታስታውሳለህ? ሰው ሁሉ ወደ ውኃው ሲሮጥ አንተ ጀርባህን ለባሕሩ ሰጥተህ ኮረብታው ላይ ያለውን የፈረሰ ግንብ ታያለህ። ሽቅብ የሚጎትት ትንሽ ባቡር አለ ብልህ፣ ጥንታዊ ነገር በእግር ካልሄዱበት አይታይም ብለህ ድርቅ አልክ። ያን ዳገት በአዲስ ጫማ አስወጣኸኝ። ተረከዜ ተልጦ ስንት ቀን አነከስኩ፤ እስካሁንም አልተውኩልህም።

ላዩ ላይ ግን ደስ ይል ነበር። ጣሪያ የሌላቸው ክፍሎች ውስጥ ሣር በቅሎ፣ በመስኮቶቹ ባዶ ዓይን ባሕሩ ይታያል። አንተ እያንዳንዱን ግድግዳ እንደ ታመመ ሰው በመዳፍህ ትዳስሳለህ። እንዲህ እያልክ አንዲት ጠባብ ክፍል ደርሰህ ቆምክ፤ ጎንበስ ብለህም ጫማህን አወለቅህ።

"የሺዬ፣ ይኼማ ቤተ ክርስቲያን ነው።"

በምን አወቅህ ብልህ ማስረጃህን ደረደርክ። ወደ ምሥራቅ ያለው ግድግዳ ክብ ሆኖ ገባ ብሏል። ድንጋዩ ጠቁሯል፣ ያ የጧፍ ጢስ ነው። ታቦቱ ቢወጣ ቦታው ቦታ ነው አልክና ደጁን ተሳለምክ። ሳንድዊች የሚበሉት ፈረንጆች አፋቸውን እንደሞሉ ያዩናል። እኔን በቀኝ በሴቶች በኩል አቆምክ፣ ራስህ በግራ ቆምክ። ሁለት ሰው ሆነን ሴትና ወንድ ተለየን! ያኔ ልጅ አጥተን፣ የሐኪም ቀጠሮ ሰልችቶን ነበር። እዚያ ቆመን ተሳልን። ከዚያ ከጠቆረው ድንጋይ ሥር ቆንጠር አድርገህ አፈር በመሐረብህ ቋጠርክ፣ እምነት ነው ብለህ ቤት ወስደህ ሆዴን ቀባኸኝ።

በሚቀጥለው በጋ ስንወጣ ስምረት ደረትህ ላይ ታዝላ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ማን ይቻልህ? በየበጋው በእግር፣ በየበጋው ባዶ እግር። ልጅቷን ትኩሳት ሲይዛት ከዚያች አፈር ግንባሯ ላይ፣ ፈተና ስትሄድ ግንባሯ ላይ። የመንጃ ፈቃድ የወደቀች ጊዜ እንኳ እምነቱ ስላለቀ ነው አልክ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እያልኩ እተርብህ ነበር፣ አንተ ግን ስቀህ ታልፋለህ።

ባለፈው ወር እንግዲህ ከስምረት ጋር ሄድን። ጉልበቴን አይታ በትንሿ ባቡር እንውጣ አለችኝ። አባትሽ ይታዘበናል ብዬ እየቆምኩ፣ እየተቀመጥኩ በእግሬ ወጣሁት። ክፍላችን እንዳለች ናት። ጫማዬን አወለቅሁ፣ ተሳለምኩ፣ በቀኝ በኩል ቆምኩ። በግራ በኩል ሣር ብቻ ነው። ጠበቅሁ። ቃል ሊመጣልኝ አልቻለም፣ ዓይኔ ብቻ ሞላ።

ይኼኔ አንዲት አስጎብኚ ጎብኚዎቿን አስከትላ ገባች። ይህ፣ አለች፣ የግንቡ ወጥ ቤት ነበር። ይህ ክብ ሆኖ የጠቆረው ደግሞ የዳቦ ምድጃው ነው። ስምረት ቀስ ብላ፣ ታዲያ ቤተ ክርስቲያኑስ የት ነበር ብላ ጠየቀቻት። ሴትዮዋ ወደ ማዶው ሣር ጠቆመች። ደምሴ ሙት፣ ምሳችንን የምንበላበት ቦታ! ጨርቅ ዘርግተን ዶሮ ጥብስ የምንግጥበት፣ አንተ ካልሲህን አውልቀህ የምታሰጣበት።

መጀመሪያ ልቤ ክፉኛ ደነገጠ። ስለታችንን ለማን ነው የተናገርነው? የልጄን ግንባር በምን አመድ ነው ስቀባ የኖርኩት? ደግሞስ እኔ፣ ዕድሜዬን በትምህርት ቤት ወጥ ቤት ምድጃ ፊት የጨረስኩት ሴት፣ ምድጃ አይቼ ምድጃ ነው ማለት እንዴት ያቅተኛል? አንተን አምኜ ነዋ። ዞር ስል ስምረት አፏን በእጇ አፍና ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ታለቅሳለች ብዬ ጠጋ አልኳት።

"እማ፣" አለችኝ፣ "ታዲያ እኔ የምድጃ ስለት ነኝ ማለት ነው?"

ሳቋ ያንተ ሳቅ ነው፤ ያው ትከሻ፣ ያው ትንፋሽ ማጠር። እኔም አመለጠኝ። አንተ ከሄድክ ወዲህ እንደዚያ ስቄ አላውቅም። ግድግዳውን ተደግፌ እስኪያመኝ ሳቅሁ። አስጎብኚዋ ግራ ገብቷት ሰዎቿን ይዛ ወጣች።

ሳቁ ሳይበርድልኝ "ጌታዬ፣ አየኸን አይደል?" ብዬ ተናገርኩ። አፌ ነው የተናገረው፣ እኔ አላሰብኩትም። ቤትህ ውስጥ ዶሮ ስንበላ ዝም አልከን፣ ወጥ ቤት ገብተን ብንለምንህ ደግሞ ሰማኸን አልኩት። ከማን ጋር እንደማወራ ያወቅሁት ከተናገርኩ በኋላ ነው። ከዚያ ማንም ሳይጀምርልኝ "አቡነ ዘበሰማያት" አልኩ። ምድጃው ፊት በባዶ እግሬ ቆሜ እስከ መጨረሻው ወጣሁት፤ ከዚያም ለነፍስህ ጸለይኩ። በሕይወቴ ራሴ የጀመርኩት የመጀመሪያው ጸሎት እሱ ነው።

ጸሎቴን ስጨርስ ከስምረት ጋር ማዶ ተሻግረን እውነተኛውን ቤተ ክርስቲያን ተሳለምን፣ ስለ ዶሮውም ስለ ካልሲውም ይቅርታ ጠየቅን። አፈር ግን ከዚያ አልወሰድኩም። ተመልሼ ከወጥ ቤቱ፣ ከጠቆረው ድንጋይ ሥር ቆንጠር አድርጌ በመሐረብ ቋጠርኩ። እኔም የያዝኩትን አለቅም እንግዲህ።

ለሙት ዓመትህ ይዣት መጥቼ መቃብርህ ላይ አኖራታለሁ። ሰው ቢጠይቀኝ የደብራችን እምነት ናት እላለሁ። አልረሳህም ደምሴ። ጉልበቴ እስከቻለ በየበጋው ያን ዳገት በእግሬ እወጣለሁ፣ እኔ ያቃተኝ ቀን ስምረት ትወጣለች፣ ቦታውን አሳይቻታለሁ። በቀኝ በኩል እቆማለሁ፣ ግራው ያንተ ነው።

እኔ እጀምራለሁ፤ አንተ ተከተለኝ።

ያንተው የሺ