የጀልባው ሞተር ተጠገነ

ለምወድህ ታላቅ ወንድሜ፤ እንዴት ሰነበትክልን? እኛ ከናፍቆትህ በቀር የሚያመን ነገር የለም።

የአባባ አሮጌ የጀልባ ሞተር ተጠገነልህ። የነዳጅ መስጫውን እጀታ ከካርቡራተሩ ጋር የሚያገናኘው ዘንግ ተፈትቶ፣ ሞተሩ ፍጥነቱን አልቀንስ ብሎ አባባን ከዳርቻው ድንጋይ ጋር ሊያላትማቸው ነበር። ታናሽ ወንድማችንን ሥራው አሉት። ሲሠራ አናቱ ላይ ቆመው፣ «ይሄ እጅ ነው ወይስ እግር?» እያሉ ዓሣ ገዢዎቹን ሁሉ አሳቁበት። በኋላም ፒንሳውን ወርውረው ቅንድቡን ፈነከቱት። አባባን ታውቃቸው የለ። እሱ ደሙን ጠርጎ ሥራውን ቀጠለ።

ሲጨርስ አየሁት። ዘንጉን ያሰረው በሽቦ ሳይሆን በልብስ መስፊያ ክር ነው፤ ላዩን በግራሶ ሸፍኖታል።

«ይሄ ይይዛል?» አልኩት።

«እስከ ሐይቁ መሃል ይይዛል» አለኝ።

አባባ ሞክረውት፣ «ዛሬስ ሰው ሆንክ» አሉት። ሲያመሰግኑት የመጀመሪያቸው ነው። ፈገግ እንኳ አላለም።

እሁድ አባባ ለብቻቸው ወደ ማዶ ይሻገራሉ። ስለ ክሩ አልነገርኳቸውም፤ ቢያዩት በፒንሳ ብቻ የሚያበቁ አይመስለኝም። «እኔም አብሬያቸው እሄዳለሁ» ስለው ታናሻችን ክንዴን ጨምድዶ ይዞ፣ «አንቺ አትሄጂም!» አለኝ። እሄዳለሁ አልኩት። ከዚያ ወዲህ እህል አልቀመሰም፤ ክሩንም አልቀየረው።

እባክህ ከእሁድ በፊት ለአባባ ደውልላቸው። ናፍቀውኛል፣ መጣሁ፣ የትም እንዳይሄዱብኝ በላቸው።

አንድም ሳንጎድል ያገናኘን።

እህትህ